የልጄና የሞግዚቷ ትምህርት በተመሳሳይ ሳምንት ሊጀመር ነው፤ ሰዓቱን እንዴት ላጣጥመው?

የአዘዞዋ እናት፣ ነሐሴ 22

እንዴት ሰነበታችሁ? ጾሙንም ቡሄውንም በሰላም አሳለፋችሁ? ዛሬ ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የምሠራው ግን ላይ ከተማ ነው፣ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ መስከረም ላይ 7 ዓመት ይሞላታል፤ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ትንሹ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ባለቤቴ ሥራው ገንዳ ውኃ ነው። መንገዱ ደህና ከሆነ በ15 ቀን አንዴ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሰኞ በሌሊት ይወጣል። እናቴ ደባርቅ ናት። አባቴ ስለታመመ ጥላው መምጣት አትችልም። ቤቱን የያዝነው እኔና ልጆቹን የምትይዝልኝ አንዲት ልጅ ነን።

ልጅቱ 17 ዓመቷ ነው። የመጣችው ከላይ አርማጭሆ ነው። ከእኛ ጋር ዓመት ከስምንት ወር ሆናት። ከእሷ በፊት የነበረችው ለመስቀል ብላ ሄዳ አልተመለሰችም። ያኔ ትንሹ ገና የሰባት ወር ልጅ ነበር። ላብራቶሪ ደግሞ ሕፃን የሚገባበት ቦታ አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ ልብስ መቀየሪያ ክፍላችን ውስጥ ካርቶን አንጥፌ አስተኝቼዋለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ እያየችልኝ፣ እኔ በየግማሽ ሰዓቱ ጓንቴን አውልቄ እጄን ታጥቤ እየሮጥኩ። ያ ሳምንት ዛሬም ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ይህች ልጅ ከዚያ ነው ያወጣችኝ።

ባለፈው ሳምንት የልጄን የኬጂ ደብተሮች እየለየሁ ነበር። የመገናኛ ደብተሯን ሳገላብጥ «የወላጅ ፊርማ» የሚለውን ቦታ አየሁት። ከመስከረም እስከ ሰኔ የእኔ ፊርማ ያለው 11 ቦታ ላይ ነው። የቀረው በሙሉ የልጅቱ ነው። ስሟን ፊደል በፊደል አስተካክላ ጽፋ ነው የምትፈርመው። አንድ ገጽ ላይ መምህሯ «የቤት ሥራዋን ስለምታስጠኗት እናመሰግናለን» ብላለች። ያ ምስጋና ለእኔ የሚገባ አልነበረም። እኔ በዚያ ሰዓት ወይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ወይ ዱቲ ላይ ነኝ።

ማታ ጠራኋትና አመሰገንኳት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «እትዬ፣ እኔም ዘንድሮ ማታ ልመዝገብ?» አለችኝ። ያቋረጠችው 6ኛን ጨርሳ 7ኛን ስትጀምር ነው። «እሺ» አልኳት። አልጸጸትም። ግን ተኝቼ ሰዓቱን ስቆጥር አልገጥም አለኝ።

እኔ ከቤት 1፡30 እወጣለሁ። ሥራ 2፡30 ገብቼ 11፡30 እወጣለሁ። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሳይሆን ሰልፉ ነው የሚገድለኝ። ቤት የምደርሰው 12፡30 ነው፤ ዝናብ ካለ 1 ሰዓትም ይሆናል። ልጄ ትማርበት የነበረው ቤት ክፍያ ስለጨመረ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አዛውሬያታለሁ። እዚያ ፈረቃ ነው። አንድ ሳምንት ጠዋት ገብታ 6፡30 ትወጣለች። በቀጣዩ ሳምንት ከሰዓት ገብታ 11 ሰዓት ትወጣለች። የማታው ትምህርት ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ 11፡30 ይገባል፣ 2 ሰዓት ይወጣል።

አያችሁት? የከሰዓት ፈረቃ ሳምንት ሲሆን ልጅቱ ትንሹን አዝላ 11 ሰዓት ትልቋን ትቀበላለች። ቤት አድርሳ እየሮጠች 11፡30 ክፍል ትገባለች። ከዚያ እኔ እስክደርስ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ልጆቹ ማንም የላቸውም። በዚያ ላይ በወር 7 ሌሊት ተረኛ ነኝ። በእነዚያ ቀናት ክፍተቱ እሷ ተምራ እስክትመለስ ነው።

ሰዎች «ለደላላ ንገሪ፣ ሌላ ያመጣልሻል» ይሉኛል። ሌላ አልፈልግም። የእኔ ልጅ ደብተር ላይ ዓመቱን ሙሉ ስትፈርም የከረመችን ልጅ «ያንቺ ትምህርት ለእኔ ሰዓት አይመችም» ብዬ እንዴት እነግራታለሁ? ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።

የማራኪው አባት፣ ነሐሴ 22

እህቴ፣ አይዞሽ። የእኔ ባለቤት ነርስ ናት፤ የዱቲውን ነገር ስለማውቀው ከእሱ ልጀምር።

የማታ ትምህርት ቅዳሜና እሁድ የለም ብለሻል። ስለዚህ ሌሊቶችሽን ቅዳሜና እሁድ ላይ ሰብስቢያቸው። በወር ውስጥ ቢያንስ ስምንት እንዲህ ያሉ ሌሊቶች አሉ፤ የአንቺ 7 ነው። የቅዳሜና የእሁድ ሌሊት ማንም የሚወደው አይደለም፤ ልቀይርሽ ስትያቸው እምቢ አይሉሽም። ብቻ ፕሮግራሙ ከመለጠፉ በፊት ነው መነጋገር ያለብሽ። ከተለጠፈ በኋላ እያንዳንዱን ቀን መለመን ይሆናል። እኛ ቤት በየወሩ 20 ላይ ነው ቁጭ ብለን የሚቀጥለውን ወር የምናወጣው። የሚጎዳው አንድ ነገር ነው። ባልሽ የሚመጣው ቅዳሜ ነው ብለሻል። እሱ ቤት ሲሆን አንቺ ዱቲ ትሆኛለሽ። ይህን ከእሱ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ቀላል አይደለም።

ሌላው የትምህርት ቤቱ በር ነው። በከተማችን ያየነውን አይተናል፤ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ልጅሽን ማን ማን ሊወስዳት እንደሚችል በጽሑፍ አስመዝግቢ። ከሦስት ሰው አይብለጥ። ሌላ ሰው «እናትሽ ልካኝ ነው» ቢላት የምትጠይቀው ቃል ይኑራት። የእኔ ልጅ ቃሏን ራሷ ነው የመረጠችው፣ የአያቷ ላም ስም ነው። አንድ ቀን የእኔ ወንድም ሊቀበላት ሄዶ ቃሉን አያውቅምና አልሄድም አለችው። ወንድሜ ተቀየመ፤ እኔ ግን ያን ቀን እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ባጃጅ በማይሠራበት ቀን በእግር ማን እንደሚወስዳትም ከአሁኑ ወስኝ።

ነጋዴዋ ከቅዳሜ ገበያ፣ ነሐሴ 23

እህቴ፣ አትቀየሚኝ፤ እውነቱን ልንገርሽ። ሁለት ልጆች ማታ አስተምሬያለሁ። አንዷ 8ኛን ፈተና በወሰደች በወሩ ወደ አረብ አገር ሄደች። ሁለተኛዋ ክፍል ውስጥ ጓደኛ አገኘች፣ ካፌ ሥራ አለ አለቻት፣ በጥር ወር ጥላኝ ወጣች። ጥምቀት ነው፣ ሱቁ ገበያ ነው፣ እኔ የአራት ወር ሕፃን ይዤ ቀረሁ። ክፋት የለባቸውም። ግን የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ቢያንስ ትንሹ ልጅሽ አራት ዓመት እስኪሞላው አቆዪያት። ከዚያ ብትማር ይደርስባታል።

የማታ ተማሪ የነበረች፣ ነሐሴ 23

ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው። እኔ ሰው ቤት እየሠራሁ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ማታ ተምሬያለሁ። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ አካውንቲንግ ጨረስኩ። ዛሬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ። በመስከረም ለእሷ ሰው ስፈልግ እኔም እንደ እናንተ እጨነቃለሁ።

ነጋዴዋ እህቴ፣ መጎዳትሽ ይገባኛል። ግን «አቆዪያት» የሚለው ቃል ለእኔም ተብሎ ነበር። የመጀመሪያዋ አሠሪዬ «የሚቀጥለው ዓመት» ትለኝ ነበር። ሁለት የሚቀጥሉ ዓመቶች አለፉ። በሦስተኛው ሳልነግራት ወጣሁ። ሁለተኛዋ ጋ ግን ስድስት ዓመት ቆየሁ። ያቆየኝ ትምህርቱ ነው።

የአዘዞዋ እህቴ፣ «እሺ» ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ገና መጀመሪያው ነው። እኔን የጎዳኝ ፈቃድ ማጣት አልነበረም፣ ሰዓት ማጣት ነው። 11 ሰዓት ላይ «ይህችን ብቻ ጨርሺና ሂጂ» ይሉኛል። ያች ብቻ ሽንኩርት መክተፍ ናት፣ ልጅ ማጠብ ናት። 12 ሰዓት ክፍል ስገባ መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ አጥፍቶታል። ስለዚህ ከ10፡30 በኋላ አዲስ ሥራ አትስጫት። እንጀራው ቅዳሜ ይጋገር። ልብስም በሥራ ቀን አይታጠብ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ቁርስና ምሳ ዕቃ የምታዘጋጅ ከሆነ ማታ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። እኔ ስንት ቀን ዴስክ ላይ ተኝቻለሁ። ምሳ ዕቃውን አንቺ ማታ አዘጋጂው።

2 ሰዓት ሲወጡ ጨለማ ነው። ብቻዋን እንዳትሄድ። በእናንተ በኩል የሚሄዱ ሌሎች ሴት ተማሪዎች አይጠፉም። ሦስት ሆነው አንድ የታወቀ ባጃጅ በወር ኮንትራት ይያዙ። ዋጋውን ብትካፈያት ከደመወዟ ላይ እንዳትቆርጪ።

መሸኛዋንም አሁኑኑ አስመጪ። የእኔ ከገጠር ትምህርት ቤት እስኪመጣ አንድ ወር አልፎኛል። ካርዷና መሸኛዋ ከሌለ 7ኛ ላይ አይመዘግቧትም።

ደግሞ የፈተና ሳምንት ሲመጣ ራስሽ ጠይቂያት። እሷ አፍራ አትነግርሽም።

የቁስቋም ልጅ፣ ነሐሴ 24

አያቴ አጠገቤ ናት። ጥያቄሽን አነበብኩላት። የምትለውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ልጀ፣ እኔ አምስት ወልጀ አሳድጌያለሁ። ብቻየን ያሳደግኩት አንድም የለም። ግቢሽ ውስጥ ማን አለ? አከራይሽ ማን ናት? አንድ ሰዓት እኮ ቡና የሚፈላበት ጊዜ ነው። ጎረቤትሽን ጠይቂያት። ደግሞ ገንዘብ ልክፈል ብለሽ አትጀምሪ፣ ትቀየማለች። የጎደላትን እይላት። ክኒን የምታመጣላት አጥታ ይሆናል። ስልክ የሚደውልላት ልጅ ሩቅ ይሆናል። አንች ሆስፒታል የምትሠሪ ሰው ነሽ፣ ለአሮጊት ምን እንደሚያስፈልጋት ታውቂያለሽ። ትንሹ ልጅ ደግሞ ከመስከረም በፊት ይለማመድ። በድንገት እጇ ላይ ብትጥይው ያለቅሳል፣ እሷም ትሰለቻለች። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ አብራችሁት ሂዱ። መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ቀጥሎ ትንሽ ወጣ በይ።»

እንዲህ ብላለች። ለልጅቱም «በርቺ» በይልኝ ብላለች።

የአዘዞዋ እናት፣ ነሐሴ 24

እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ሳነብ አከራያችን ትዝ አሉኝ። ስኳር አለባቸው። እሁድ እሁድ ጣታቸውን ወግቼ የምለካላቸው እኔ ነኝ። ለአንድ ሰዓት ልጅ ያዙልኝ ለማለት ግን አፍሬ ነበር።

የማታ ተማሪዋ እህቴ፣ የሽንኩርቷን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም «ይህችን ብቻ» የምል ሰው ነኝ።

የሰው ሀብት ሠራተኛ፣ ነሐሴ 26

በሥራዬ የማውቀውን ልጨምር። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የወጣው አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናቶቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ጥያቄው አዲስ አይደለም ማለት ነው። መሥሪያ ቤትሽ ማቆያ ከሌለው ብቻሽን አትጠይቂ። ሕፃን ያላቸውን እናቶች ሰብስቢና በአንድ ደብዳቤ ፈርማችሁ፣ ስንት ሕፃን እንዳለና በምን ሰዓት እንደሚያስፈልግ ጽፋችሁ አስገቡ። በቃል የተጠየቀ ነገር ኃላፊ ሲቀየር ይረሳል። ማቆያ የማታውን ክፍተት አይሸፍንልሽም፤ ጠዋት ልጅቱ ስትታመም ወይም አገሯ ስትሄድ ግን ካርቶን ከማንጠፍ ያድንሻል።

ስለ ልጅቱ ደግሞ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የቤት ውስጥ ሠራተኛን አይሸፍንም። ስለዚህ የሚጠብቃት የእናንተ ስምምነት ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ደመወዟ፣ የትምህርት ሰዓቷ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ አገሯ የምትሄድበት ጊዜ፣ አንዳችሁ ለመለያየት ብትፈልጉ ስንት ቀን አስቀድማችሁ እንደምትነጋገሩ ይጻፍ። ነጋዴዋ እህታችን በጥር የደረሰባት ነገር እንዳይደገም የሚረዳው ይህ የመጨረሻው ነው። ማንበብ የምትችል ልጅ ናት፤ አንብባ ትፈርም፣ አንድ ቅጂ እሷ ጋ ይቀመጥ።

የአዘዞዋ እናት፣ መስከረም 16

እንኳን አደረሳችሁ። የነገረችን ሁሉ ምን ሆነ ብላችሁ እንዳትጨነቁ ተመልሼ መጣሁ።

አከራያችን ጋ ጳጉሜን 2 ሄድኩ። ቡና ይዤ ነው የሄድኩት። ነገሩን ሳልጨርሰው «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይዞሽ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እየሄድን ትንሹን አለማመድነው። መጀመሪያ ቀን ቀሚሴን ይዞ አልለቅ አለ። በአምስተኛው ቀን የእሳቸውን ዶሮዎች ለማስገባት እየሮጠ ቀደመኝ። አሁን 11፡15 ላይ ልጅቱ ሁለቱንም ታስረክባለች፣ እኔ ስደርስ እረከባለሁ። የስኳር መድኃኒታቸውን እኔ ነኝ የማመጣው። ልኬቱንም በሳምንት ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ፣ ደብተር ላይ እየጻፍኩ።

ከዱቲው አምስቱን ቅዳሜና እሁድ ላይ ማድረግ ቻልኩ። ሁለቱ አልሆኑልኝም፤ ማክሰኞና ሐሙስ ላይ ወደቁ። የማራኪው ወንድሜ፣ የባሌን ነገር ያልከው ልክ ነው። በስልክ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ልጅቷ ትማር፤ እኔና አንቺ እንችለዋለን» አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ እሱ ከገንዳ ውኃ ሲገባ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ በር ላይ ተገናኘን። እውነቱን ለመናገር ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ከዚህ በኋላ እሱ በሚመጣበት ሳምንት እሁዱን ብቻ ልያዝ ብዬ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን እየለመንኩ ነው።

መሸኛዋ ዘገየ። ወንድሟ በመጨረሻ ለገበያ ሲመጣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ አመጣላት። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ነበር የቀረው። ከእሷ ጋር ሄድኩ። ቅጹ ላይ «የወላጅ ወይም የተጠሪ ፊርማ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ ላይ እኔ ፈረምኩ። ከሌሎች ሁለት ሴት ተማሪዎች ጋር ባጃጅ ይዘዋል፤ የእሷን ድርሻ እኔ እከፍላለሁ።

ወረቀቱንም ጽፈናል። የመስቀልን ነገር እሷ ናት ያነሳችው። «ዘንድሮ ትምህርት ስለሚያልፈኝ አልሄድም፣ ለገና ልሂድ» አለች። ነገ መስቀል ነው፤ ቤት ናት። እናቷ እንዳይከፋቸው ስልክ ደውዬ ራሴ አነጋገርኳቸው። ለገናም አምስት ቀን ጽፈንላታል። የዚያን ጊዜ ፈቃዴን ከአሁኑ ጠይቄያለሁ።

ማቆያውን በተመለከተ ዘጠኝ እናቶች ሆነን ደብዳቤውን አስገብተናል። መልስ ገና ነው።

ያልፈታሁት እነዚያን ሁለት ሌሊቶች ነው። አከራያችን እስከ 2 ሰዓት ይቆዩልኛል፤ ግን በጊዜ መተኛት ያለባቸው ሰው ናቸው፣ ይከብዳቸዋል። አዘዞ አካባቢ የምትኖሩ፣ እንደ እኔ የሌሊት ተረኛ የሆናችሁ እናቶች ካላችሁ እንነጋገር። የአንዷ ዱቲ ሲሆን የሌላዋ ቤት ልጆቹ ከ11፡30 እስከ 2፡15 ቢቆዩ ብዬ አስቤያለሁ። እኔ ዘወትር ረቡዕ ማታ እና ዓርብ ማታ ከ12፡30 ጀምሮ ቤቴ ነኝ። የማንኛችሁንም ልጅ መያዝ እችላለሁ፤ እራት አብረው ይበላሉ።